ከሐይቁ ወደ ዳገቱ

ዲምቱ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የዳሞታን ተራራ ከኋላው ትቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ብርዱ ይቀራል፣ እንሰቱ እየሳሳ በቆሎው እየበዛ ይመጣል። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል ብላቴ ወንዝ አለ። ብላቴ ሲባል ለብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚታወሰው የጦር ማሰልጠኛው፣ በተለይም በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዘመቱበት ካምፕ ነው። እዚህ የምንከተለው ወንዙን ነው። ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ የተሰበሰበው ውሃ በሃላባ አልፎ፣ የወላይታን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል።

አባያ ከ1,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ አይመጥንም፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 13 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ደጁ ያለ የዲምቱ ቤተሰብ ቅዳሜና እሁድን ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ማሳለፍ፣ አየር በጀርባው ተሸክሞም ውሃ ውስጥ መግባት ቢያምረው ምኞቱ የሚያስገርም አይደለም። ይህን ሌላው ዓለም በየሳምንቱ ያደርገዋል።

የእኛን ነገር የሚለየው ከፍታው ነው። የኢትዮጵያ ሐይቆች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሐይቁም በላይ ይወጣል። ስለዚህ በእኛ ውሃ የሚጠልቅ ሰው ለሁለት ነገር ይጠነቀቃል፤ ወደ ታች ለወረደው ጥልቀትና በኋላ ለሚወጣው ዳገት። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ሐይቅ ዳር የሚያድሩት ሌሊት ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሌሊት ነው፤ ወደ እሱ ለመድረስ ግን በመጀመሪያ አየሩን፣ ከዚያም ውሃውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስኩባ የሚባለው አየር ተሸክሞ መጥለቅ ከባሕር ጋር ተቆራኝቶ ቢታወቅም የዛሬው መተንፈሻ መጀመሪያ የተሞከረው ወንዝ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኩስቶ ፓሪስ አጠገብ ወደ ማርን ወንዝ ገባ። በጀርባው የታመቀ አየር የያዙ ሲሊንደሮች፣ በአፉ ደግሞ ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ የሠራለት መተንፈሻ ነበር። ጋኛን ቀድሞ ሲሠራ የነበረው ለመኪና ነው፤ በጦርነቱ ቤንዚን ስለጠፋ መኪኖች በጋዝ እንዲሄዱ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ። ያንኑ ዕቃ ለሰው ሳንባ አስተካከለው። የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ይፈስሳል፤ ተዘቅዝቆ ሲወርድ ደግሞ እንቢ ይላል። ምክንያቱ የተቃጠለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ንጹሑ ከሚገባበት ራቅ ብሎ መቀመጡ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ጥቂት የከፍታ ልዩነት የውሃውን ግፊት አበላልጣ መሣሪያውን አሳሳተችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው ችግሩ ተፈታ።

ያ መተንፈሻ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ እስከ 200 ባር ታምቋል፤ ከመኪና ጎማ ግፊት ጋር ቢነጻጸር መቶ እጥፍ አካባቢ ነው። ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ክፍል ይህን ኃይል ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። አፍ ላይ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ክብ ነው፤ ገልጦ ለሚያየው ውስጡ ስስ የጎማ ሽፋንና አንዲት ትንሽ ማንሻ ብቻ ናቸው። ከጎማው ወዲያ ውሃ፣ ወዲህ አየር። ጠላቂው ሲስብ ጎማው ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ማንሻዋን ይጫናል፣ ማንሻዋ በሩን ትከፍታለች፤ መሳቡን ሲያቆም በሩ ይዘጋል። አየሩ ወደ ሳንባ የሚደርሰው በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር በተመጣጠነ ግፊት ነው። ደረቱን ውሃ የተጫነው ሰው መተንፈስ የቻለው በዚህ ነው።

ከዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይወለዳል፤ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ አይያዝም። በባሕር 10 ሜትር የወረደ ሰው የሚደርስበት ግፊት ላይ ላዩን ካለው ሁለት እጥፍ ነው፤ እዚያ ታች ሳንባውን ሞልቶ አፉን ዘግቶ ቢወጣ በደረቱ ያለው አየር ወደ ሁለት እጥፍ ይለጠጣል፣ ሳንባውም ይቀደዳል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ለዚህ 10 ሜትር አያስፈልግም። ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው ወደ 80 በመቶው ብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 8 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጅቡቲ ወይም ሻርም ኤል ሼክ ተምሮ የመጣ ሰው ይህን ካላወቀ የለመደው ቁጥር ያታልለዋል። ክብደቱም እንዲሁ። ጨው የሌለው ውሃ ከባሕሩ በ2.5 በመቶ ገደማ ይቀላል፤ ሰውየው ከነዕቃው 100 ኪሎ ቢሆን ከወገቡ ቀበቶ 2 ኪሎ ተኩል ያህል እርሳስ ካላወረደ እንደ ድንጋይ ይሰጥማል።

ሁለተኛው ሕግ ረቀቅ ያለ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ልብም እሱ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰውነታችን አይጠቀምበትም፤ ገብቶ ይወጣል። ግፊት ሲጨምር ግን በደምና በስብ ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሹ ያስወጣዋል፤ ቸኩሎ ከወጣ ደሙ ክዳኑ እንደተነሳለት አምቦ ውሃ ይሆናል። አረፋዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፉ ያሳምማሉ፣ አከርካሪ ውስጥ ሲያርፉ ሽባ ያደርጋሉ። ይህ እንዳይሆን ጠላቂዎች በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚናገር ሠንጠረዥ ወይም በእጅ የሚታሰር ኮምፒውተር ይጠቀማሉ። የተለመዱት ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕርና ከ300 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ነው።

አሁን ስሌቱን ቢሾፍቱ ላይ እንሥራው። ጠላቂው 20 ሜትር ወረደ እንበል። የውሃው ክብደትና የላዩ አየር ሲደመሩ የሚጫነው ግፊት፣ ሲወጣ ከሚጠብቀው ግፊት ጋር ሲነጻጸር 3.4 እጥፍ ይሆናል። በባሕር 20 ሜትር የወረደ ሰው ልዩነት 3 እጥፍ ነው። ስለዚህ የቢሾፍቱው ሰው 20 ሜትር ወርዶ ሰውነቱ የሚከፍለው የ24 ሜትሩን ዋጋ ነው። ኩስቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ቦሊቪያና ፔሩ በሚዋሰኑበት ቲቲካካ ሐይቅ ሲጠልቁ ይህን ሒሳብ ከ3,800 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው የሠሩት። እኛ ወደዚያ መሄድ አያሻንም፤ የወንጪ ሐይቅም ከ2,800 ሜትር በላይ ነው።

ሒሳቡ ከውሃ በመውጣት አያልቅም። ጠላቂው ልብሱን ቀይሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ መኪና ውስጥ ሲገባ በሰውነቱ ውስጥ ገና ናይትሮጅን አለ። አውሮፕላን ለሚሳፈሩ ጠላቂዎች የሚሰጠው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ነው። አውሮፕላን ሲወጣ የውስጡ ግፊት ስለሚቀንስ ደም ውስጥ የቀረው ጋዝ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ተራራም ያው ነው። ከአባያ ዳር ተነስቶ ሶዶ የሚገባ ሰው በአንድ ጉዞ ከ800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ሊወጣ ይችላል። ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ የሚመለስ ደግሞ ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እንጦጦ ሥር የሚኖር ከሆነ የበለጠ። ለአንድ ሰዓት የሽርሽር መንገድ ብለን የምናልፈው ዳገት ለጠላቂው ሁለተኛ መውጣት ነው፤ ያውም ማንም ሳይቆጣጠረው የሚወጣው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠልቆ ቅዳሜ ማታ ወደ ደጋ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ማደር ግድ ነው። የዲምቱ ቤተሰብ ቢሾፍቱ ላይ የተለየ ዕድል አለው፤ ቢሾፍቱ ጠልቆ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ በኩል ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ ሻሸመኔ አካባቢ ትንሽ ከፍ ከማለቱ በቀር አብዛኛው ቁልቁል ወይም ሜዳ ነው። የአዲስ አበባው ቤተሰብ ለዚያው ሐይቅ አጭር መንገድ አለው፤ የሚከብደው መንገድ ግን የእሱ ነው። እኔ እንዲያም ሆኖ ለሁለቱም ሌሊቱን እንዲያድሩት ነው የምመክረው፤ የደከመ ጠላቂ መሪ መያዝ የለበትም።

ታዲያ የት ነው የሚጠለቀው? ከአባያ እንጀምር፤ ቅርቡ እሱ ነውና።

አባያ ቀይ ነው። ብላቴ፣ ገላና፣ ጊዳቦና ሌሎቹ ገባሮች የታረሰውን ደጋ አፈር ጠራርገው ያመጡለታል። ሐይቁ ስስ ስለሆነ የከሰዓቱ ንፋስ ወለሉን ሳይቀር ያማስለዋል። ከዳሩ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ለብርሃን ቢያቆሙት ጉዳዩ ይታያል፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ውሃ ግን ሻይ በወተት መስሎ ይቀራል፤ ሲነጋም እንደዚያው ነው። በውስጡ የተንሳፈፈው ሸክላ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በቀላሉ አይወርድም። የሐይቅ ተመራማሪዎች ነጭ ሳህን የመሰለ ክብ ዕቃ በገመድ እያወረዱ የት ላይ ከዓይን እንደሚጠፋ ይለካሉ፤ አባያ ላይ ሳህኑ አንድ ክንድ ሳይወርድ ይጠፋል። ጠላቂ እዚያ ውስጥ ቢገባ የራሱን የግፊት ሰዓት ማንበብ አይችልም። ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አዞው ሌላው ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አርባ ምንጭ አቅራቢያ በአባያ ዳር ምእመናንን ያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ሕይወታቸው አልፏል፤ ብዙ ሰው ቆሞ እያየ። ውሃው ጉልበት ላይ ቢሆንም እንኳ ቀይ ውሃ አዞውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ጉማሬም አለ፤ ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፣ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፣ መንገዱም የታወቀ ነው። ሣር ውስጥ ተረግጦ የጎደጎደ፣ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ጎን ለጎን የሚታይበት መውጫ ካለ እዚያ ድንኳን አይተከልም። ዓሣ አስጋሪዎቹ እያንዳንዱን መውጫ ያውቁታል፤ እነሱን ሳይጠይቁ ቦታ መምረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

ይህን ስጽፍ አባያን እያጣጣልኩ አይደለም። ለመጥለቅ የማይሆን ሐይቅ ለማደር ይሆናል፤ ከዳሩ ርቆ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ ሐይቅ በላይ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ወደ ውሃው የሚገባው ግን በጀልባ ብቻ ነው።

አዞ የሌለበት ወንዝና ምንጭስ? እዚህ ጋ ዓይን የማያየው አለ። ቢልሃርዝያ። ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ የገባው እንቁላል ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ በአስር ሺዎች ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው በብዛት ፀሐይ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ልጆች መዋኘት የሚወዱበት ሰዓት። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰንጥቆ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት እንቁላል ይጥላል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣርና ቄጠማ ያለበት፣ ዝግ ያለ፣ ስስ ውሃ ነው። ስለዚህ ለጠላቂ ትልቁ አደጋ ጥልቁ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ፣ ዕቃውን ሲታጠቅና ሲፈታ ነው። ላንጋኖ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ብዙ ቤተሰብ ለዋና ይመርጠዋል፤ ውሃው ግን እሱም ቡናማና ድፍርስ ነው፣ ለዋና እንጂ ለማየት አይሆንም።

ስለ ቢልሃርዝያ ሲነሳ የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ አክሊሉ በሽታውን ሊያጠና አድዋ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንደ እናቶቻቸውና እንደ አያቶቻቸው የእንዶድ ፍሬ ነው፣ ደርቆ የተወቀጠ። አክሊሉ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ያለውን ውሃ ሲመለከት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ከላይ ግን በሕይወት አሉ። አረፋው የሚሄድበት ቦታ ሁሉ ቀንድ አውጣው እንደሞተ ነው። ይህን ትዝብት ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ፤ በእንዶድ ውስጥ ያለው አረፋ አውጪ ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ። ለድሃ አገር ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ሳይሆን ከአጥር ሥር የሚለቀም ፍሬ። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠሩበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ሁለቱ አብረው ተቀበሉ። አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔ ከኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ልጆች ሁሉ ቢያውቁት የምመኘው ይህን ነው፤ ሐይቅ ዳር እሳት ከበው ለተቀመጡ ልጆች የሚነገር ታሪክ ከፈለጋችሁ ይህን ንገሩ።

በተጠረጠረ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው በፎጣ ራሱን ማሻሸቱ ብቻ አይተማመንበትም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ያድነዋል።

ለማየት ተስፋ ወዳላቸው ውሃዎች እንመለስ። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት ሐይቆች እሳተ ገሞራ በርቅሶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዙሪያቸው ገደል፣ ስፋታቸው ትንሽ፣ ጥልቀታቸው ብዙ። ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ 38 ሜትር ይደርሳሉ። ፕሮሰር፣ ውድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ወለላቸውን ለክተው፣ ውሃቸውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትመዋል። እነሱና ተከታዮቻቸው ያገኙት ነገር ለጠላቂ በቀጥታ ይጠቅማል።

ገደሉ ንፋስን ስለሚከለክል ውሃው በደንብ አይናወጥም። ፀሐይ ያሞቀችው ከላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች፤ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ወራት ያልፋሉ። ጠላቂው ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቅዝቃዜ ፊቱን ይመታዋል። ከዚያ በታች ብርሃኑ ይደክማል፤ አልፎ ሲወርድ ኦክስጅን የሌለበት፣ ዓሣ የማይኖርበት ውሃ አለ። ጠላቂው አየሩን ይዞ ስለሚሄድ ኦክስጅኑ ባይኖር ምንም አይሆንም፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። በእነዚህ ሐይቆች የሚታየው ሁሉ ከላይኛዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው፤ የገደሉ ድንጋይ ወደ ውሃው ሲቀጥል፣ ቆረሶ የተባለው ዓሣ ጎጆውን ሲጠብቅ፣ ሰው ሠራሹ ቆሻሻም ሳይቀር። ስለዚህ ጥልቀት የሚያሳድድ ሰው እዚህ ምንም አያተርፍም፤ 8 ሜትር ላይ የቆየ 20 ሜትር ከወረደው የበለጠ ያያል፣ ናይትሮጅኑም ትንሽ ነው፣ ሌሊቱም ይቀልለታል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ታምቆ የቆየው የእንቁላል ግማት ያለው ጋዝም አብሮ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳሩን ሞልተው ይታያሉ። የአካባቢው ሰው ሰው የመረዘው ሊመስለው ይችላል፤ ሐይቁ የገዛ ሆዱን እየገለበጠ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጠላቂ አይገባም፤ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ይበርዳልም። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ስለሚወስድ 20 ዲግሪ በአየር ደስ የሚል፣ በውሃ ግን ለግማሽ ሰዓት ሲቀመጡበት የሚያንቀጠቅጥ ነው።

በአገራችን ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ አዘውትረው የሚጠልቁት ግን ለመዝናናት የሚጠልቁ አይደሉም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። ክረምት ሲገባ የድንጋይ ካባ ጉድጓዶች ውሃ ይሞላሉ፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ፤ ዳሩ ቀጥ ያለ ገደል ነውና መውጫ ያጣሉ። ጠላቂዎቹ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። የሚሠሩት በእጅ ዳሰሳ ነው፤ ዓይናቸው በዚያ ውሃ አያገለግላቸውም። አንዱ ገመድ ይዞ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ገመዱ ጫፍ ላይ ታስሮ ወለሉን በእጁ እየዳበሰ ይሄዳል፤ የሚነጋገሩት በገመድ ጉተታ ነው። ከተማ ለቀው ሌላ አካባቢ ድረስ ተጠርተው የሚሄዱበት ጊዜም አለ። ስለ ስኩባ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እነሱን ሳይጠቅስ ቢያልፍ በደል ነው። የእነሱን ሥራ የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆች ዋና ሲማሩ፣ ወላጅም ውሃን ሲያውቅ።

ልጆችስ መጥለቅ ይችላሉ? ፓዲን የመሰሉ ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ማሠልጠኛዎች 8 ዓመት የሞላውን ልጅ በመዋኛ ገንዳ፣ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት መተንፈሻውን ያስሞክሩታል፤ ክፍት ውሃ ለመማር 10 ዓመት መሙላት አለበት። ከዚያ በታች ያሉት ጭምብልና ቱቦ ይበቃቸዋል፤ ለእሱም ንጹሕ የሆቴል ገንዳ ከየትኛውም ወንዝ ይሻላል። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በሲሶ የሚተልቅና የቀረበ የሚመስል መሆኑን፣ ድምፅም በአየር ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ከየት እንደመጣ መለየት እንደማይቻል ልጅ ራሱ ሲያገኘው ደስታው ልዩ ነው። «አባዬ፣ የመታህበት ድንጋይ በሁለቱም ጆሮዬ ነው የተሰማኝ!» ሲል መልሱን በሌሊቱ ማስረዳት ይቻላል።

የሌሊቱ ቦታ አመራረጥ ለአባያም ለሌላውም አንድ ነው። ከውሃው ራቅ፣ ከዳሩ ከፍ፣ ከቄጠማ ወዲህ፣ ከጉማሬ መውጫ ውጭ። ቆላ ከሆነ አጎበር ድንኳን ውስጥም ቢሆን አይቀርም፤ ወባዋ የምትነክሰው እሳቱ ዳር ሲቀመጡም ነውና እግር ይሸፈን። ውሃ የሚቀዳው በቀን ነው፤ ምሽት ላይ ወደ ዳር የሚላክ ልጅ አይኖርም። ምግቡን ወላይታ አሳምሮ ያውቃል፤ ፍም ውስጥ የተቀበረ ጎደሬና ቦዬ፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ የተገዛ ቆረሶ፣ ዳጣ ካለ ሌላ ወጥ አያስፈልግም። ለጠለቀው ሰው ግን በሌሊቱ አንድ የሚከለከል፣ አንድ የሚታዘዝ አለ። መጠጥ ይከለከላል፤ ውሃ በብዛት ይታዘዛል። ውሃ ያነሰው ደም ይወፍራል፣ ናይትሮጅኑም በቶሎ አይወጣለትም።

ሰዓቱ እንዲህ ይሄዳል። አርብ ማታ ቦታው ላይ መድረስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ መጥለቅ፣ ሁለተኛው ካለ ከመጀመሪያው እንዳይጠልቅ ማድረግ፣ ከ7 ሰዓት በፊት መጨረስ። ከቀኑ 7 ሰዓት ከውሃ የወጣ ሰው 18 ሰዓቱ የሚሞላው እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ በልቶ፣ ድንኳን ነቅሎ፣ ልጆቹን ወፍ አሳይቶ 4 ሰዓት ላይ ቢነሳ ለዳገቱ ትርፍ ጊዜ አለው።

በዚያ ሌሊት አንዱ ትከሻዬን ወይም ጉልበቴን ወጋኝ፣ እግሬ ደነዘዘኝ፣ ሽንት እንቢ አለኝ ቢል ዕቃ በመሸከሙ አይመካኝ፤ የናይትሮጅኑ አረፋ ሊሆን ይችላል። አግድም ይተኛ፣ ያለው ንጹሕ ኦክስጅን ሁሉ ይሰጠው፣ ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ ተመልሶ ውሃ ውስጥ አይግባ። ለዚህ ሲባል የኦክስጅን ሲሊንደርና ጭምብል ከድንኳኑ በፊት መኪና ላይ መጫን አለባቸው። ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች መወሰድ ካለበት ያ ዳገት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ለሐኪም ይደወላል፣ መጥለቁ፣ ጥልቀቱና ሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ከሕመምተኛው ጋር ይሄዳል፣ ኦክስጅኑም ሆስፒታል በር እስኪደርስ ከፊቱ አይነሳም።